ጭልፋው አይቀላቀል፦ ትልልቅ ሲስተሞቻችን ለምን ተከፋፍለው መጻፍ አለባቸው?

ከሊትል ኢትዮጵያ፣ ሎስ አንጀለስ

እዚህ ሎስ አንጀለስ በሶፍትዌር ሥራ የምንተዳደር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ሳይነሳ የማይቀር ጥያቄ አለ። «ለአገር ቤት ሲስተሞች ከዚህ ሆነን ምን ማገዝ እንችላለን?» ይባላል። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብና ዕቃ ላይ ያልቃል። ኮምፒውተር እንላክ፣ ሥልጠና እንስጥ ይባልና የቡናው ሒሳብ ተከፍሎ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን ትልቁ እንቅፋት ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። ብዙዎቹ ሲስተሞቻችን ሲጻፉ ነገ ሌላ ሰው ይገባበታል ተብሎ አልታሰበም። ኮዳቸው አንድ ድፍን ነገር ነው። አንዷን ጥግ ለማስተካከል የመላው ቤት ቁልፍ ያስፈልጋል። የመላው ቤት ቁልፍ ደግሞ ለማንም አይሰጥም፤ መሰጠትም የለበትም።

እና ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ሞጁል ነው። ሞጁል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የርቀት ትምህርት መጽሐፍ ነው። እሱም ቢሆን ከሐሳቡ ብዙም አልራቀም፤ አንድ ትምህርት ለብቻው ተቆርጦ፣ መምህሩ አጠገብህ ባይኖርም ተረድተኸው እንድትወጣ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ፕሮግራመር ያልሆናችሁ አንባቢዎችም ገጹን አትዝጉት፤ ነገሩ ከወጥ ቤት የራቀ አይደለም።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችውን ይህችን ትንሽ ሰፈራችንን ከተማው «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ የሰየማት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ምግብ ቤቶቿ ውስጥ ከሐበሻው ሌላ ብዙ ፈረንጅ ይገባል፤ ከነሱም ሥጋም ቅቤም ወተትም የማይነካ ሞልቷል። አስተናጋጇን «ይሄ ቅቤ አለው?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም ወጥ ቤት ሳትገባ «የለውም» ትለዋለች። ይህን በልበ ሙሉነት የምትናገረው እያንዳንዱን ድስት ቀምሳ አይደለም። የጾሙ ድስትና የፍስኩ ድስት ስለተለያዩ፣ የዶሮ ወጡ ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ስለማይገባ ነው። አዲስ ሰው ወጥ ቤት ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው። ደንበኛው ፊት ሲቀርብ በያይነቱ ሁሉም አንድ እንጀራ ላይ ነው፤ ሲሠራ ግን እያንዳንዱ በየድስቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሕዝብ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ትልቅ ዌብ አፕሊኬሽንም እንደዚያ ነው። ተጠቃሚው አንድ ድረ ገጽ ነው የሚያየው። ከኋላ ግን ምዝገባ አለ፣ ክፍያ አለ፣ አድራሻ አለ፣ ቀን አለ፣ ሪፖርት አለ፣ አጭር መልእክት መላኪያ አለ። እነዚህ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፎልደር፣ የራሳቸው ዳታ፣ ሌላው ክፍል የሚጠይቅበት አንድ የታወቀ በር ሲኖራቸው ሞጁል እንላቸዋለን። ሪፖርት የሚያዘጋጀው ኮድ ስለ ክፍያ ማወቅ ከፈለገ በሩን አንኳኩቶ ይጠይቃል እንጂ የክፍያን መሳቢያ ከፍቶ አይበረብርም። ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ዴቪድ ፓርናስ የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዛሬም የሚነበብ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄው «እንከፋፍል ወይስ አንከፋፍል?» አልነበረም፤ «በምን መስፈርት እንከፋፍል?» ነው ያለው። በዘመኑ ሰው ሁሉ የሚከፋፍለው በሥራው ቅደም ተከተል ነበር፤ መጀመሪያ መቀበል፣ ከዚያ መደርደር፣ ከዚያ ማተም። ፓርናስ ይህ ልክ አይደለም አለ። ወደፊት ሊለወጡ የሚችሉ ውሳኔዎችን ለዩና እያንዳንዱን ውሳኔ በአንድ ሞጁል ውስጥ ደብቁት፤ ውሳኔው ሲለወጥ ያ ሞጁል ብቻ ይነካል፣ ሌላው አይሰማም አለ። ከ50 ዓመት በላይ አልፎታል፣ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መስፈርት አላየሁም።

እንግዲህ ይህን መስፈርት ወደኛ አገር እናምጣው። ለአገር ቤት የሚሠራ ሲስተም ውስጥ ምን ምን ይለወጣል? ኧረ ምን የማይለወጥ አለ!

ክልሎችን ውሰዱ። ለዓመታት ዘጠኝ ነበሩ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ አሥረኛ ሆነ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጨመረ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቀረው የቀድሞው ደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለና ክልሎቹ አሥራ ሁለት ሆኑ። አዲስ አበባም ለሚ ኩራ ተጨምሮ ክፍለ ከተሞቿ አሥራ አንድ ደርሰዋል። ስለ አደረጃጀቱ ያለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። የኔ ጉዳይ እነዚያን ዘጠኝ ስሞች በምዝገባው ገጽ፣ በሪፖርቱ ገጽ፣ በማጣሪያው፣ በአጭር መልእክቱ ውስጥ እየደጋገመ የጻፈው ፕሮግራመር ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ሲያስስ ከርሟል። አንዷን ቦታ ከረሳ ደግሞ የሆሳዕና ሰው በአንዱ ገጽ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ በሌላው ገጽ የሌለ ክልል ነዋሪ ይሆናል። ከዚህ የባሰም ጥያቄ አለ፤ በ2010 ዓ.ም. «ደቡብ» ብሎ የተመዘገበው ሰው ዛሬ የት ነው? «ያኔ ምን ይባል ነበር? አሁንስ?» የሚለውን የሚመልስ አንድ የአድራሻ ሞጁል ቢኖር ኖሮ ሥራው የአንድ ሰው፣ የጥቂት ቀን ሥራ ነበር።

የውጭ ምንዛሪውም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ምንዛሪውን ቋሚ ቁጥር አድርጎ በየገጹ የበተነ ሰው ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። ክፍያውም ያው ነው። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳ ተከተለ፣ ነገ ሌላ ይመጣል። ክፍያ ለብቻው በአንድ በር ከተቀመጠ አዲስ መጪውን ማስገባት ቀላል ነው።

የቀን አቆጣጠሩ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የኛ ትልቁ መከራ እሱ ነውና። አሥራ ሦስት ወር አለን። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። ከፈረንጆቹ ጋር ያለን ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወር ውስጥ የነሱ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው። እንቁጣጣሽ በነሱ አቆጣጠር አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ይውላል። ሰዓታችንም በስድስት ሰዓት ይለያል፤ «ሦስት ሰዓት ላይ ና» የተባለ ሰው ቀጠሮው ጠዋት ይሁን በነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ መገመት አለበት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሞጁል አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣ በደንብ ተፈትኖ መጻፍ ነበረበት። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ፕሮግራመር በደረሰበት ገጽ ላይ የራሱን መቀየሪያ ይጽፋል።

አንድ ጊዜ ከዚሁ ከሎስ አንጀለስ ጥቂት ሆነን አገር ቤት ያለ የአንድ ተቋም ሲስተም እንድናይ ተጠየቅን። ችግሩ ቀላል ነበር የተባልነው፤ የልደት ቀን ላይ የአንድ ዓመት ስሕተት። ኮዱን ስንከፍተው ቀን የሚቀየርባቸው ቦታዎች ሰባት ነበሩ። አንደኛው ጳጉሜን 6 የሚባል ቀን መኖሩን አያውቅም። ሌላው ወሩን ሳያይ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት ይደምራል፤ ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር የተወለደ ሁሉ በአንድ ዓመት ይቀንሳል። ሦስተኛው ትክክል ነው፣ ግን የሚጠራው የለም። ፈገግ ያሰኛል አይደል? እዚህ አሜሪካ ያለ ሰው ግን አይስቅም። የልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመትና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ዓመት ካልገጠመ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚጓተት፣ ጠበቃ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም። እናቱን ለማምጣት አመልክቶ በአንዲት የዓመት ልዩነት የሚንገላታ ሰው ችግሩ ኮድ ውስጥ ይጀምራል ብሎ አያስብም።

ጉዳዩ እዚያ አላበቃም። ኮዱን የጻፈው ልጅ ጎበዝ ነበር፤ አጻጻፉ ይመሰክራል። ግን ብቻውን ነበር፣ ከዚያም አገር ለቆ ሄደ። ማን ይፈርድበታል? እኛም ያው ነን። ከሱ በኋላ የመጣው ሰው ነባሩን መንካት ስለፈራ አጠገቡ አዲስ መቀየሪያ ጻፈ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሰባት የደረሱት በዚህ መንገድ ነው። የዳታቤዙ የይለፍ ቃልም እዚያው ኮዱ ውስጥ ተጽፎ አገኘነው። የቀኑን ስሕተት እናርም ያልን የሩቅ በጎ ፈቃደኞች ሳንጠይቅ የሺዎችን ስም፣ ስልክና የልደት ቀን ማየት የምንችል ሆንን ማለት ነው። ዛሬ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንዲህ ያለ አሠራር አሁን ነውር ብቻ ሳይሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ነው።

ዋናው ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። ፈረንጆቹ ስለ ሞጁል ሲጽፉ ፍጥነትን ነው የሚያስቀድሙት፤ ብዙ ቡድኖች እርስ በርስ ሳይጠባበቁ እንዲሠሩ። ለኛ ግን የሚቀድመው ርክክብ ነው። ባለሙያዎቻችን ይሄዳሉ። ወደ ሌላ ድርጅት ይሄዳሉ፣ ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ይህ በቅርብ የሚቆም ነገር አይደለም። ስለዚህ ኮዱ ሲጻፍ ጸሐፊው እንደሚሄድ ታስቦ መጻፍ አለበት። አዲስ የመጣ ሰው በአንድ ሳምንት አንድ ሞጁል አንብቦ ሊረዳ ይችላል፤ የሁለት መቶ ሺህ መስመር ድፍን ኮድ ግን በዓመትም አይረዳም። የሄደውም ቢሆን ከፌርፋክስ ሆኖ የቀን ሞጁሉን ብቻ ተቀብሎ፣ የማንንም ሰው ስም ሳያይ፣ አርሞ መላክ ይችላል። «ከዚህ ሆነን ምን እናግዝ?» ለሚለው ጥያቄ ከኮምፒውተር መላክ የተሻለው መልስ ይህ ይመስለኛል።

ለውጥ ማስፈራቱ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደንበኞች ካላቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ፤ ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ መወሰዱን አስታወቀ፤ አብዛኛውን አስመለሰ፣ ላልመለሱትም ስማቸውንና ፎቷቸውን እስከ መለጠፍ ደረሰ። የተሰጠው ማብራሪያ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው የሚል ነበር። ከዚያ ሌሊት የምወስደው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማንኛውም ትልቅ ሲስተም ያለው ተቋም ራሱን ይጠይቅ። ዛሬ ማታ አንድ ቦታ የምንነካው ነገር ነገ ጠዋት የት የት እንደሚሰማ እናውቃለን? የአስተናጋጇን ያህል ወጥ ቤት ሳንገባ መመለስ እንችላለን?

በጎ ምሳሌም አገር ቤት አለን፤ ሁልጊዜ መጥፎውን ብቻ እያነሳን አንኑር። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተው ሞሲፕ በሚባል መድረክ ላይ ነው። ሞሲፕ ሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የተሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ መድረክ ነው። የሙሉ ስሙ የመጀመሪያ ቃል «ሞጁላር» የሚል ነው። ቅድመ ምዝገባው ለብቻ፣ የጣት አሻራና የፎቶ መቀበያው ለብቻ፣ መዝገቡ ለብቻ፣ «ይህ ሰው እሱ ነው ወይ?» ብሎ የሚያረጋግጠው ክፍል ለብቻ ነው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይህንኑ ይጠቀማሉ፤ ሦስቱ አገሮች ቋንቋቸውም፣ ሕጋቸውም፣ የስም አጠራራቸውም አይገናኝም። መድረኩ ለሦስቱም የሆነው እያንዳንዱ አገር የራሱን ክፍል ነቅሎ መተካት ስለሚችል ነው። ባንክ ደንበኛውን በፋይዳ ሲያጣራም መዝገቡን ከፍቶ አይበረብርም፤ የማረጋገጫውን በር ያንኳኳል፣ መልስ ይቀበላል። በሚሊዮኖች የሚቆጠር የዜጋ መረጃ የያዘው ሲስተማችን በዚህ መንገድ ከተሠራ የወረዳው፣ የዩኒቨርሲቲው፣ የማኅበሩ ሲስተም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የኛ ልጆች ይህን ሲሰሙ ግን አንዳንዶቹ ወዲያው «ማይክሮሰርቪስ!» ይላሉ። ነገሩን እዚህ እንለይ። ማይክሮሰርቪስ ማለት እያንዳንዱን ክፍል ራሱን የቻለ ፕሮግራም አድርጎ፣ በየራሱ ሰርቨር አስነስቶ፣ በኔትወርክ ማነጋገር ነው። በወጥ ቤት ቋንቋ ሽሮውን አንድ ሕንፃ፣ ምስሩን ሌላ ሕንፃ ሠርቶ በሞተር ሳይክል እያመላለሱ አንድ ትሪ ላይ ማቅረብ ማለት ነው። ሺህ መሐንዲስ ላለው ኩባንያ ያዋጣ ይሆናል። ሦስት ፕሮግራመር ላለው ቢሮ፣ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ ራስን ማሠቃየት ነው። የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ አንድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 የቪዲዮ ጥራት መከታተያውን ከተበታተኑ ክፍሎች ወደ አንድ ፕሮግራም መልሶ ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ እንደቀነሰ ጽፏል። አማዞን ነው ይህን ያለው! ሾፒፋይም በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ያለውን ኮዱን ሳይበታትን እዚያው አንድ ፕሮግራም ውስጥ በሞጁል መከፋፈልን መረጠ፤ አንዱ ክፍል የሌላውን መሳቢያ ሲነካ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም ሠርቶ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ድስቱ ይለያይ እንጂ ወጥ ቤቱ አንድ ይሁን፤ የኔ ምርጫ ይህ ነው።

ከልክ በላይ ማሳነስም በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አንድ ፕሮግራመር ተናድዶ ሌፍትፓድ የምትባል የ11 መስመር ጃቫስክሪፕት ከጋራ ማከማቻው ቢያነሳት በዓለም ዙሪያ ስንቱ ፕሮጀክት ቆመ። አሥራ አንድ መስመር ለራስህ ጻፈው እንጂ ለምን ትዋሳለህ? ባለ አምስት ገጽ የዕድር ድረ ገጽም ሞጁል ምናምን አያስፈልገውም፤ እንዲያው በደንብ ይጻፍ።

መከፋፈል ብቻውንም አያድንም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት ስድስት ሰዎች እንደነበሩ በኋላ የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል። ያንን ሲስተም በርካታ ኮንትራክተሮች ተካፍለውት ነበር። ክፍሎቹ ነበሩ፤ መገጣጠሚያውን የኔ ነው የሚል ግን አልነበረም። ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳለው ድርጅት የሚሠራው ሲስተም የራሱን የግንኙነት መልክ ይመስላል። ሁለት የሥራ ክፍሎች የማይነጋገሩ ከሆነ ሞጁሎቻቸውም አይነጋገሩም። አንድ ሰው ብቻ ሁሉን የሚያዝበት ቢሮ ደግሞ ኮዱም አንድ ድፍን ይሆናል። ይህን ለአለቆች ብንነግራቸው ደስ አይላቸውም፤ ግን እውነት ነው።

«ጊዜ የለንም፣ ሥራው ለበዓሉ መድረስ አለበት» የሚለውን ሰበብ አውቀዋለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከፋፍሉ ያለ የለም። የሚሠራን ሲስተም አፍርሶ እንደ አዲስ መጻፍ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከኛ ነው። አንዷን ክፍል መርጦ ማውጣት ይበቃል። በፎልደር አደረጃጀት ልጀምር። ኮዱን «ገጾች»፣ «ፎርሞች»፣ «ዳታ» ብሎ በዓይነቱ ከመደርደር «ክፍያ»፣ «አድራሻ»፣ «ቀን» ብሎ በጉዳዩ መደርደር ይሻላል፤ ክፍያ የተባለ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ይገኝ። ከዚያ በሩ ይወሰን፦ ሌሎች የሚጠሩት ይህን ይህን ብቻ ነው፣ የቀረው የውስጥ ጉዳይ ነው። የክፍያ ሰንጠረዥን ከክፍያ ሞጁል በስተቀር ማንም አይጽፍበት። ይህ ሕግ በቃል ብቻ ከቀረ በመጀመሪያው የጥድፊያ ሳምንት ይጣሳል፤ ኮዱ በተላከ ቁጥር የሚፈትሽ መሣሪያ ይኑር። ድሮ አሳሽ ላይ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት የራሱ የሞጁል ሥርዓት አልነበረውምና የዚያ ዘመን ኮድ ቢደበላለቅ አይገርምም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ቋንቋው ራሱ ይህን ይዞ መጥቷል።

ከቀን ቀጥሎ እኔ የማወጣው የፊደል ሞጁል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ መጻፉ ላይ ችግር የለም። ፍለጋው ላይ ግን ኃይሌ፣ ሃይሌና ሀይሌ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። በሆስፒታል መዝገብ ቤት ይህ ማለት ካርድህ «የለም» ይባልና አዲስ ይወጣልሃል፤ የቀድሞ ሕመምህም አለርጂህም አሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል። ሞጁሉ የሰውየውን ስም ራሱ እንደጻፈው ያስቀምጥለት፤ ለፍለጋ ብቻ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ የሚያደርግ ስውር ቁልፍ ያዘጋጅ። የሥርወ ቃል መምህሮቻችን አይቆጡን፤ የሚታየው ጽሑፍ ላይ አንዲት ፊደል አንነካም። ስማችንም የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደሌለው ይኸው ሞጁል ይወቀው። እዚህ አገር በየቅጹ አያቶቻችን «ላስት ኔም» ሆነው የቀሩት ቅጹን የሠራው ሰው ስለኛ ስለማያውቅ ነው፤ አገር ቤት የተሠራ ቅጽ ይህን ሲደግመው ግን ምን ይባላል?

ቀንና ፊደል ለሁሉም ሲስተም አንድ ዓይነት ናቸው። የባንኩም፣ የሆስፒታሉም፣ የዩኒቨርሲቲውም ጳጉሜን አንዲት ናት። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ በየቢሮው ተደጋግመው ከሚጻፉ ክፍት ሆነው በጋራ ይሠሩ፤ የዳያስፖራው ባለሙያ ጉልበት የሚውልበት ቦታ ቢኖር እዚህ ነው። ፓስወርድ አይጠይቅም፣ የዜጋ መረጃ አይነካም፣ የፖለቲካ ልዩነትም አያሻውም።

የቀረው የጨረታ ሰነዱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሶፍትዌር ሲገዙ ሰነዱ ስለ ገጾች ብዛት፣ ስለ ቀለምና ስለ ሎጎ ብዙ ይላል፤ ስለ ኮዱ አደረጃጀት ግን ምንም። ሦስት ነገር ይጨመርበት። ሲስተሙ በየትኞቹ ሞጁሎች እንደተከፈለና የእያንዳንዱ በር ምን እንደሆነ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎ ይቅረብ። ለእያንዳንዱ ሞጁል ራሱን የሚፈትሽበት ፈተና አብሮ ይሰጥ። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ኮዱን አይቶት የማያውቅ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ አንድ ሞጁል ተሰጥቶት፣ የጻፈውን ሰው ሳይጠይቅ፣ አንዲት ትንሽ ለውጥ አድርጎ ያሳይ። ካልቻለ ርክክቡ አልተፈጸመም።

ለዚያ ፈተና የሚሆን ጥያቄም አለኝ። ያለፈችው ጳጉሜን 6 በ2015 ዓ.ም. ነበረች፤ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ዋለ። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። ባለሙያው ሲስተሙ ላይ ያን ቀን የተወለደ ሕፃን ይመዝግብና የሚወጣውን የምስክር ወረቀት አትሞ ያምጣ።